ያለ ሊድ የቦርድ መፈተሻ ጂግ ስለመስራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ። እኔ ምሰራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፣ በብዛት ምሰራው ደሞ የሮቶ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው፣ ማለትም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ፓምፑን ራሱ ሚያስነሳ ሮቶው ሲሞላ ደሞ ሚያጠፋ። ቦርዱ ላይ አንድ ኤቲሜጋ328ፒ (ፕሮግራም ሚጫንበት ቺፕ)፣ አንድ ባለ 12 ቮልት ሪሌ (ፓምፑን ሚያበራና ሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ሁለት የውሃ ሴንሰር መግቢያና አንድ ሚጮህ በዘር አለ፣ ሌላው ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና እንደ ትራንዚስተር ያለ ጥቃቅን እቃ ነው። ያለ ሊድ፣ ማለትም ያለ ብየዳ፣ ስለምሰራው የቦርድ መፈተሻ ሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ፣ ጥያቄውም ሁሌ ያው ስለሆነ፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ጂግ ምንድነው ግን?

ቦርዱ ሚቀመጥበት መደብ ነው። ከስሩ ሞላ ያላቸው ፒኖች (ፖጎ ፒን ይባላሉ) ወደ ላይ ቆመዋል፣ ቦርዱን ከላይ ስትጫኑት እያንዳንዱ ፒን የራሱን ነጥብ ይነካል፣ በቃ። ኮረንቲ ይሰጣል፣ ይለካል፣ ፕሮግራም ይጭናል፣ ስትለቁት ቦርዱ አንድ ሽቦ ሳይበየድበት እንደነበረ ይነሳል።

ስንት ቦርድ ሲኖረኝ ነው ሚያዋጣኝ?

አምስት ስድስት ከሆነ ተዉት፣ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ነጥብ በነጥብ ሂዱ። ፕሮግራም መጫን ብቻ ከሆነ ችግራችሁ የልብስ መቆንጠጫ ውሰዱ፣ የእንጨቱን፣ አፉ ላይ ስድስት ፖጎ ፒን ሰክታችሁ ቦርዱን ጠርዙ ላይ ንከሱት፣ እኔ አንድ አመት ሙሉ በሱ ነው የሰራሁት፣ አታፍሩበት። ከሰላሳ ቦርድ በላይ ሲሆን ግን እጅ ይደክማል፣ የደከመ እጅ ደሞ የቴስተሩን ጫፍ ያንሸራትትና 12 ቮልቱን ከ5 ቮልቱ ጋር ያገናኘዋል። እኔ ሁለት ጥሩ ቦርድ ያቃጠልኩት ስፈትሽ ነው፣ ቦርዱ ምንም አልነበረበትም።

"ያለ ሊድ" ስትል ቦርዱን ነው ወይስ ጂጉንም ጨምሮ?

ሁለቱንም። ቦርዱ ላይ እንደማንበይድ ግልጽ ነው፣ ሰው ሚገረመው ጂጉ ራሱ ካውያ (መበየጃ) ሳይነካው ይሰራል ስል ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ፖጎ ፒን ያልቃል፣ ሞላው ይደክማል፣ ጫፉ ይቆሽሻል፣ ሽቦውን ፒኑ ላይ ከበየዳችሁት መቀየር ስትፈልጉ መከራ ነው፣ ይባስ ብሎ ሊዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞላውን ሊይዘው ይችላል። ስለዚ ፒኑን ከእጅጌው ጋር ግዙ። እጅጌው ማለት ፒኑ ሚገባበት ቱቦ ነው፣ ፕሌቱ (የጂጉ መደብ) ላይ ተወትፎ ይቀራል፣ ፒኑ ሲያልቅ በፒንሳ ስቦ አውጥቶ አዲስ መሰካት ነው።

ከእጅጌው ስር ደሞ ካሬ ጭራ ያለውን ምረጡ። ካሬው 0.64 ሚሊ ከሆነ አርዱኖ (ፕሮግራም ሚጫንበት ዝግጁ ትንሽ ቦርድ) ላይ ምንሰካው ሴቷ ጃምፐር ሽቦ ልክ ትገባለታለች። ይሄ ፈጣኑ መንገድ ነው፣ ግን እየላላ ያስቸግራል። የኔ ምርጫ ሽቦውን ጭራው ላይ መጠምጠም ነው፣ ዋየር ራፕ ይባላል፣ 0.25 ሚሊ ውፍረት ያለው ባለ 30 ጌጅ ሽቦ በትንሽዬ መጠምጠሚያ ሰባት ዙር ያህል ታጠነክሩታላችሁ፣ የመጨረሻ አንድ ዙር ተኩል ደሞ ከነላስቲኩ ይሁን፣ እንዳይበጠስ። የካሬው ስለታም ጠርዝ ሽቦውን ይነክሰውና አየር እንኳ ማይገባበት ግንኙነት ይፈጠራል። ይሄ ለጊዜው ሚደረግ ማታለያ እንዳይመስላችሁ፣ አፖሎን ጨረቃ ድረስ የመራው ኮምፒውተር ሞጁሎቹ የተገናኙት በዚሁ በጥምጥም ሽቦ ነው። ክብ ጭራ ላይ ግን አይሰራም፣ ሚነክሰው ጠርዝ ስለሌለ ይላላል።

የትኛውን ፖጎ ፒን ልግዛ?

ሶስት መጠን ነው በብዛት ምታገኙት። ፒ50 ቀጭኗ 0.68 ሚሊ፣ ፒ75 1.02 ሚሊ፣ ፒ100 1.36 ሚሊ ገደማ። ቁጥሩ ሁለት ፒን ምን ያህል ተቀራርበው መቆም እንደሚችሉ ነው ሚነግራችሁ፣ 50 ማለት 1.27 ሚሊ፣ 75 ማለት 1.9 ሚሊ፣ 100 ማለት 2.54 ሚሊ። ለጀማሪ ፒ75 በቂ ነው፣ ቦታ ካላችሁ ፒ100 ጠንካራ ስለሆነች እሷን። ፒ50 ትታጠፋለች፣ ግድ ካልሆነባችሁ አትግቡባት።

ጫፉን በተመለከተ ደሞ ሰው ዘውድ ሚመስለውን አይቶ ያምረዋል፣ ግን ዘውዱ ጥርሱ መሀል የፍላክስ (ከብየዳ ሚተርፍ ሙጫ መሳይ ነገር) ቆሻሻ ይሰበስባል። ጠፍጣፋ ፓድ (ቦርዱ ላይ ያለ የብረት ነጥብ) ላይ ጦር ጫፍ ያለውን ተጠቀሙ፣ ፍላክሱን በስቶ ይገባል። ባዶ ቀዳዳ ላይ ሚያርፍ ከሆነ ሾጣጣው፣ ከስር የወጣ የፒን እግር ላይ ከሆነ ጎድጓዳው። ለ12 ቮልትና ለግራውንድ ሁለት ሁለት ፒን መድቡ፣ አንዱ ባይነካ ሌላው ይነካል፣ ኮረንቲውም ይከፋፈላል። የኔ ቦርድ ይሄ ሁሉ ተደምሮ 14 ፒን ነው የወሰደው።

የሌዘር መቁረጫ ማሽን የለኝም፣ የፕሌቱን ቀዳዳ እንዴት ልብሳው?

እዚ ጋ ነው ሰው ሚወድቀው፣ እኔም ወድቄያለሁ፣ ስለዚ ረዘም አርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሰራሁት ቦርዱን ከኪካድ (ቦርድ መሳያ ፕሮግራም) በፒዲኤፍ አውጥቼ በወረቀት አሳትሜ፣ ወረቀቱን አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ላይ ለጥፌ፣ በትራፓኖ መብሳት ነበር። ማተሚያ ቤት ልጁ ከገጹ ጋር እንዲስማማ ብሎ አተመልኝ፣ እኔም አላየሁም፣ 80 ሚሊ የነበረው ቦርድ 77 ነገር ሆኖ ወጣ፣ አስራ አራት ቀዳዳ በስቼ ከጨረስኩ በኋላ ቦርዱን ሳስቀምጠው ከግራ ያሉት ፒኖች ፓዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ከቀኝ ያሉት ሌላ ሀገር ናቸው። በመቶ ፐርሰንት ትክክለኛ መጠን አትምልኝ በሉ፣ ካተመላችሁም በኋላ በማስመሪያ ለኩት፣ ከዛ ትክክለኛውን ቦርድ ወረቀቱ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት።

ሁለተኛውን ደሞ ነጥቦቹ ከስር ናቸው ብዬ ገልብጬ አሳተምኩት። ስህተት። ቦርዱ እቃው ወደ ላይ ሆኖ ጂጉ ላይ ከተቀመጠ፣ እናንተም ፕሌቱን ከላይ ሆናችሁ ምትበሱት ከሆነ፣ ሚያስፈልጋችሁ ከላይ ወደታች የታየው ስዕል ነው፣ መገለበጥ የለበትም። መገልበጥ ሚመጣው ፕሌቱን ከጀርባው ምትበሱ ከሆነ ብቻ ነው። ይሄን ሶስቴ አንብቡት፣ እኔ አንድ ሙሉ አክሪሊክ ነው የከፈልኩበት።

አሁን ምሰራው እንዲህ ነው። እቃ ያልተተከለበት ባዶ ቦርድ አለ አደል? እሱን ራሱን ፕሌቱ ላይ በብሎን አስራለሁ፣ የፈተሻ ነጥቦቹን በ1 ሚሊ ፑንታ በቦርዱ ላይ አልፌ ፕሌቱ ድረስ እበሳለሁ፣ ከዛ ቦርዱን አንስቼ ቀዳዳውን ወደ እጅጌው መጠን አሰፋለሁ። ለፒ75 እጅጌ ውጪው 1.32 ሚሊ ስለሆነ 1.3 ፑንታ ጠበቅ ያረገዋል፣ ግን ከዛው አክሪሊክ ቁራጭ ላይ መጀመሪያ ሞክሩት። ትራፓኖውን በእጅ አትያዙ፣ መቆሚያ ያለው ፈልጉ፣ ቀዳዳው ትንሽ ካጋደለ ፒኑ ጫፉ ላይ በጣም ይርቃል። አክሪሊክ ደሞ ቶሎ ቶሎ ከዞረ ይቀልጥና ፑንታው ላይ ይጠመጠማል፣ በዝግታ፣ የሳሙና ውሃ ጠብ እያረጋችሁ።

ሁለት ፕሌት ይሁን፣ አንዱ ካንዱ 8 ሚሊ ያህል ተራርቆ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አስራችሁ ብሱት፣ እጅጌው ሁለቱንም ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ፕሌት ብቻ ከሆነ ፒኑ እንደ ጥርስ ይነቃነቃል።

ከሁሉ ሚሻለው ግን ቀጣዩን ቦርድ ስታዙ ፕሌቱንም እንደ ቦርድ ስላችሁ አብራችሁ ማዘዝ ነው። መዳብ የለውም ምን የለውም፣ ቀዳዳ ብቻ። ልኩ ከእጅ ስራ ጋር አይወዳደርም። ያ ካልሆነ ደሞ ማስታወቂያ ሚሰሩ ቤቶች አክሪሊክ መቁረጫ ማሽን አላቸው፣ ፋይሉን በዲኤክስኤፍ አውጥታችሁ ውሰዱላቸው፣ ትርፍራፊ አክሪሊክም አያጡም።

ቦርዱን ከላይ ምን ይጫነው?

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ፒ75 በትክክል ሲጫን አንዱ ፒን 100 ግራም ገደማ ይገፋል፣ 14 ፒን 1.4 ኪሎ፣ 50 ፒን 5 ኪሎ። እስከ ሃያ ፒን በበር ማጠፊያ የተያያዘ የኮምፔንሳቶ ክዳንና አንድ መቆለፊያ ይበቃችኋል። ከዛ በላይ ከሆነ በእጀታ ሚቆለፍ የብረት መጫኛ ፈልጉ።

ፒኑን እስከ መጨረሻው አትጫኑት። ፒ75 ጠቅላላ ሚሰምጠው 2.65 ሚሊ ነው፣ ሁለት ሶስተኛው ላይ ማለትም 1.7 ሚሊ አካባቢ እንዲቆም አርጉ፣ ለዚ ደሞ ቦርዱ ሚያርፍባቸው ማቆሚያዎች ያስፈልጋሉ፣ ብሎንና ዳዶ በቂ ነው፣ ሮንዴላ እየጨመራችሁ ከፍታውን ታስተካክላላችሁ።

ክዳኑ ደሞ ቦርዱን መሀሉ ላይ ብቻ ከተጫነ ቦርዱ ይጎብጣል። መጉበጥ ምን ችግር አለው ካላችሁ፣ ጠፍጣፎቹ ትናንሽ ሴራሚክ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ይሰነጠቃል፣ በአይን አይታይም፣ ያኔም ፈተናውን ያልፋሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሾርት ሆነው ደምበኛው ይደውላል። ከላይ ሚጫኑትን ጣቶች በተቻለ መጠን ከስር ፒን ባለበት ትይዩ አርጓቸው፣ እቃ ላይ ሳይሆን ባዶ ቦታ ላይ።

ኮረንቲ ስሰጠው ቦርዱ ቢቃጠልስ?

ኮረንቲ ከመስጠታችሁ በፊት ነው መፈተን ያለበት። የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ በ12 ቮልትና በግራውንድ መሀል ሾርት አለ ወይ፣ ቀጥሎ በ5 ቮልትና በግራውንድ መሀል። ከሌለ 12 ቮልት ይገባል፣ ቀጥሎ 5 ቮልቱ በ4.75 እና በ5.25 መሀል መሆኑ ይታያል፣ ከዛ ነው ፕሮግራም፣ ከዛ ሴንሰር፣ ከዛ ሪሌ። የመጀመሪያው ከወደቀ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ።

ኮረንቲ ሚገድብ ፓወር ሰፕላይ ከሌላችሁ አብሽሩ፣ አሮጌው የሬዲዮ ሰሪዎች ዘዴ አለ፣ ሲሪየስ አምፑል። 12 ቮልት 5 ዋት የሞተር አምፑል በ12ቱ መስመር ላይ በተከታታይ አስገቡ። ቦርዱ ጤነኛ ከሆነ ሚስበው ትንሽ ስለሆነ አምፑሉ አይበራም፣ ሾርት ካለ አምፑሉ ቦግ ይላል፣ ኮረንቲውም ከ0.4 አምፒር ብዙ አያልፍም። ከየትኛውም ስክሪን በፊት አይናችሁ ያየዋል።

ሌላ፣ የግራውንድ ፒኖቹን ከሌሎቹ ግማሽ ሚሊ ከፍ አርጋችሁ ስኳቸው፣ ቀድመው ይንኩ፣ ሲነሳም መጨረሻ ይልቀቁ።

220ውን በጂጉ ልፈትሽ?

አይሆንም። ፖጎ ፒን እጃችሁ ስር ያለ እርቃኑን የቆመ ብረት ነው። የሪሌው ጎን መስራቱን ለማወቅ 220 አያስፈልግም፣ በአንደኛው እግር 5 ቮልት በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጋችሁ ስጡት፣ በሌላኛው አንብቡት፣ ሪሌው ሲነሳ ከመጣ ሰርቷል። ሚስበውንም ኮረንቲ እዩ፣ የተለመደው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ሪሌ መጠምጠሚያው 400 ኦም ስለሆነ ሲነሳ 30 ሚሊአምፒር ገደማ መጨመር አለበት። ኮረንቲው ጨምሮ 5 ቮልቱ በሌላኛው እግር ካልመጣ ሪሌው ራሱ ነው የተበላሸው፣ ኮረንቲው ካልጨመረ ሪሌውን ሚያስነሳውን ትራንዚስተር ጠርጥሩ።

በአርዱኖ እንዴት ነው ምለካው?

ኡኖ የሚባለው የአርዱኖ አይነት በቂ ነው፣ ከ5 ቮልት በላይ እንዳትሰጡት ብቻ። 12 ቮልቱን በ10 ኪሎ ኦምና በ3.3 ኪሎ ኦም ክፈሉት፣ 2.98 ቮልት ይሆናል፣ አርዱኖው 610 አካባቢ ያነባል። በየመስመሩ 1 ኪሎ ኦም መሀል ላይ አስገቡ፣ የተበላሸ ቦርድ መጥቶ አርዱኖውን ይዞ እንዳይሞት። እነዚን ሬዚስተሮችም መበየድ አያስፈልግም፣ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ወይም በካቻቢቴ ሚጠብቅ ተርሚናል ላይ ይታሰራሉ። ውጤቱን በአረንጓዴና በቀይ መብራት አሳዩ፣ ቀይ ሲበራ ግን የትኛው ፈተና እንደሆነ ላፕቶፑ ላይ ይጻፍ፣ "ወደቀ" ብቻ ሚል ጂግ ስራውን መልሶ ለእናንተ ነው ሚሰጠው።

ፕሮግራሙንም እዛው መጫን ይቻላል?

ይቻላል፣ ለኤቲሜጋ ስድስት መስመር ነው፣ ሚሶ፣ ሞሲ፣ ሰዓት፣ ሪሴት፣ 5 ቮልትና ግራውንድ። ሌላ ኡኖ ፕሮግራመር አድርጋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ያኔ የፕሮግራመሩ ኡኖ ሪሴትና ግራውንድ መሀል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፣ አለበለዚያ ራሱን ሪሴት እያረገ ያታልላችኋል። ቦርዱ የራሱ 12 ቮልት ካለው የፕሮግራመሩን 5 ቮልት አትሰኩት፣ ግራውንዱ ይበቃል። ሽቦው ከ20 ሳንቲም አይብለጥ።

ጂጉ ወደቀ ያለኝን ቦርድ በእጄ ስለካው ጤነኛ ነው፣ ምንድነው?

አሁን ወደ ዋናው መጣችሁ። ጂግ ይዋሻል። ሁለት አይነት ውሸት አለው፣ አንዱ ጤነኛውን ታሟል ሚለው ነው፣ ይሄ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፣ አብዛኛውን ጊዜ ፒኑ ላይ የተጋገረ ፍላክስ ነው፣ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ሁለተኛው የታመመውን ጤነኛ ነው ሚለው፣ እሱ ነው ስም ሚያጠፋው።

ደርሶብኛል። የአንዱ ሴንሰር መስመር ሽቦ ጂጉ ውስጥ ተበጥሶ ሶስት ቀን ሙሉ "አለፈ" ሲለኝ ነበር። እንዴት ካላችሁ፣ የአርዱኖ የአናሎግ መግቢያ ምንም ካልተነካ ዜሮ አያነብም፣ ቅድም ካነበበው መግቢያ የተረፈውን ነው ሚያነበው፣ ቅድም ያነበበው ደሞ ጤነኛው ሴንሰር ነበር። ስለዚ ሁለቱም ጤነኛ። ከዛ ወዲህ በየሴንሰሩ መስመር ከግራውንድ ጋር 100 ኪሎ ኦም አስሬያለሁ፣ ሽቦው ከተበጠሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

መድሀኒቱ ይሄ ነው። አንድ በእጃችሁ ሁሉን ነጥብ የለካችሁት፣ ምታምኑት ቦርድ ለብቻው አስቀምጡ፣ አይሸጥም፣ አይነካም። እኔ "ሽማግሌው" ነው ምለው። ከሱ ጋር ደሞ ሆን ብላችሁ ያበላሻችኋቸው ሶስት አራት ቦርዶች፣ አንዱ 5 ቮልት የሌለው፣ አንዱ የሴንሰር ሬዚስተሩ የተነቀለ፣ አንዱ የሪሌ ትራንዚስተር የሌለው። እነሱን "ወስላቶቹ" እላቸዋለሁ። ጠዋት ስራ ከመጀመሬ በፊት ሽማግሌው ማለፍ አለበት፣ ወስላቶቹ በየራሳቸው ጥፋት መያዝ አለባቸው፣ አንድ ወስላታ ካለፈ የዛን ቀን ጂጉ እስኪስተካከል ምንም አይፈተሽም። አራት ደቂቃ ነው ሚፈጀው፣ ቡና እስኪፈላ።

አክሪሊክ ስታቲክ ይፈጥራል ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። በጨርቅ ስትወለውሉት ይሞላል፣ ሹራብም ካረጋችሁ ይብሳል። ደሴ በክረምት ጉምና እርጥበት ስላለ ብዙ አይታወቅም፣ ደረቅ በሆነ ወር ግን ይሰማል። በደረቅ ጨርቅ አትወልውሉት፣ በእርጥብ ይሁን፣ እጃችሁንም ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ብረት አስነኩት። ፕሌቱን ከቦርድ ማቴሪያል ካሰራችሁት ግን ይሄ ጣጣ በጣም ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋስ?

የሞተር ባትሪና ላፕቶፕ። አዲስ የተሞላ ባትሪ ከ12 ከፍ ስለሚል ወሰናችሁን በሱ ልክ አስፉት፣ ፊውዝም አትርሱ፣ ባትሪ ሾርት ሲሆን አይለምንም።

ቦርዴ ላይ የፈተሻ ነጥብ የለም፣ ምን ላርግ?

ላሁኑ ከስር የወጡ የፒን እግሮችን ተጠቀሙ። ለቀጣዩ ግን ስትስሉ ሁሉንም ነጥብ ከስር በኩል፣ 1.5 ሚሊ ክብ፣ እርስ በርስ 2.54 ሚሊ አራርቁ፣ አረንጓዴው ቀለም አይሸፍነው። ቦርዱን ቦታው ላይ ሚያስይዙ ሁለት የልክ ቀዳዳዎችም ጨምሩ፣ ግን ከጠርዙ ያላቸው ርቀት እኩል አይሁን፣ አንዱ ከጠርዙ ራቅ ይበል፣ ቦርዱ ተገልብጦ ወይ ዞሮ እንዳይገባ። ምሽት ላይ ስትደክሙ ትመርቁኛላችሁ።

ጂጉን ይዤ ኮምቦልቻ ልሄድ ነው፣ ይበላሻል?

እኔም አንዳንዴ እዛ ላለ ልጅ እወስድለታለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ስትወርዱ ዳዶዎቹ ይላላሉ፣ ከፍታው ይዛባል። ዳዶውን በድርብ አርጉት፣ ወይ የሴቶች የጥፍር ቀለም ጠብ አርጉበት፣ ይይዘዋል፣ ሲፈለግም ይፈታል። ፒኖቹ ላይ ክዳን ይሁንባቸው፣ ሰው ቦርሳውን ሲደርብበት ይታጠፋሉ። ሽማግሌውንና ወስላቶቹን ለብቻ በካርቶን ጠቅልላችሁ ያዟቸው፣ እዛ እንደደረስኩ ሰላምታውም ቡናውም ሳይመጣ መጀመሪያ ማስቀምጠው ሽማግሌውን ነው፣ ባለፈው ራሱ እሱን ወደቀ ብሎኝ አንድ የግራውንድ ዳዶ ግማሽ ዙር ዞሮ አገኘሁት።